አንድ ግብጦ፣ ስድስት መደርደሪያ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በመራዊ፣ በወተት አባይ፣ በዱርቤቴ፣ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች የምትከታተሉን ሁሉ፣ በተለይ ደግሞ ዘንድሮ ኮሌጅ የገባችሁ ተማሪዎች፣ የዛሬው ዝግጅት ለእናንተ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው የሳይንስ መረጃ ከኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዴት ተፈልጎ እንደሚገኝ ነው። እስክሪብቶና ወረቀት አቅርቡ፤ በየመሃሉ ቁጥሮች እጠራላችኋለሁ።

ወደ ቁጥሮቹ ከመግባቴ በፊት የታዘብኩትን ልናገር። ተማሪው «ላይብረሪ ልገባ ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ፍለጋ መሄዱ ነው። ሀንድአውቱን፣ ሞጁሉን፣ ከጓደኛው የገለበጠውን ደብተር ይዞ ይገባል፤ ጸጥ ያለ ጥግ ፈልጎ ይሸመድዳል፤ ሲደክመው ወጥቶ ሻይ ይጠጣል። ከጀርባው የተደረደሩት መጻሕፍት ለእሱ ግድግዳ ናቸው። ፈተና ሲደርስ ወንበሩ ይጣበባል፤ መደርደሪያው ግን ያው ነው፣ የሚጠጋው የለም። በተማሪው አልፈርድም። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት እየተካፈለ ያደገ ልጅ፣ መጽሐፍ በርዕሱ ብቻ ሳይሆን በጥያቄም እንደሚፈለግ ማን አሳየው? መምህሩም ቢሆን «ገጽ ይህን አንብቡ» ይላል እንጂ «ይህን ፈልጋችሁ አምጡ» የሚልበት ቀን ጥቂት ነው።

እንግዲያው በጥያቄ እንጀምር። ጥያቄውን ከሩቅ አላመጣውም፤ ከሜጫ፣ ከሰከላና ከአዊ ገበያ ነው የማነሳው፦ ግብጦ።

ግብጦን ለጎጃም ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። መሬቱ ሲደክምና ሌላው እህል አልበቅልም ሲል ገበሬው ግብጦ ይበትንበታል። ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ብዙ አረም አያስቸግረውም፤ ስለሚመርም ከብት እምብዛም አይደፍረውም። ፍሬው ይቆላል፤ ከዚያ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። ምሬቱ ሲለቅ እየተላጠ ይበላል፤ አረቄም ይወጣበታል። ይህን እናቶቻችን አሳምረው ያውቁታል። አሁን ጥያቄው ይኸውላችሁ፦ ከጆንያው ውስጥ ወንዙ ይዞት የሚሄደው ነገር ምንድን ነው?

እንበልና የመራዊ ልጅ ናችሁ፤ ፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ገብታችኋል። መምህራችሁ «በአካባቢያችሁ ካለው የምግብ አዘገጃጀት አንዱን መርጣችሁ ሳይንሱን አስረዱ» ብሎ አሳይመንት ሰጠ። እናንተም ግብጦን መረጣችሁ። ከዚያ ላይብረሪ ገብታችሁ ባንኮኒው ጋ ቆማችሁ «ጋሼ፣ የግብጦ መጽሐፍ አለ?» ብትሉ መልሱ «የለም» ነው። ሰውየው አልዋሸም፤ «ግብጦ» የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ እሱ ዘንድ የለም። ከአንድ በላይ መጽሐፍ ውስጥ ግን ግብጦ ተጽፎ ተቀምጧል። ወደዚያ ለመድረስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግብጦ በሳይንሱ ዓለም የሚጠራበት ስም ነው።

ለዚህ የሚረዱ መጻሕፍት አሉ። የወልደ ሚካኤል ቀለቻ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ስሞች መዝገብ አንዱ ነው፤ ደጋግሞ የታተመ መጽሐፍ ነው። በአገር ውስጥ ስም ገብታችሁ በሳይንሳዊው ስም ትወጡበታላችሁ። በአማርኛ የተዘጋጀውንም የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ሪፈረንስ ክፍል ጠይቁ። ግብጦ በሳይንሱ ስም «ሉፒነስ አልበስ» ነው። ፈረንጆቹ በተለምዶ «ዋይት ሉፒን» ይሉታል። ጻፉት፤ ኤል፣ ዩ፣ ፒ፣ አይ፣ ኤን። ይህችን ቃል ከያዛችሁ በኋላ ባንኮኒው ጋ የምትጠይቁት ሌላ ይሆናል፦ «ጋሼ፣ ሉፒን ስለሚባል የጥራጥሬ ዓይነት፣ በተለይ ስለሚያመርረው ኬሚካል ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?» አሁን ላይብረሪያኑ የሚሠራው ሥራ አገኘ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሙያው መጽሐፍ ማቀበል ብቻ መስሎን የምናልፈው፣ እኛ ሌላ ነገር ጠይቀነው ስለማናውቅ ነው።

ወደ ዕፅዋቱ እንሂድ። የኢትዮጵያና የኤርትራ ፍሎራ የሚባል ትልቅ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተጀመረው ፕሮጀክት በ2009 ተጠናቀቀ። የኢትዮጵያና የስዊድን የዕፅዋት ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር በስምንት ቅጽ ያወጡት ሥራ ነው፤ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከአርታኢዎቹ አንዱ ናቸው። ጥራጥሬዎች ያሉት በ3ኛው ቅጽ ነው፤ ይኸው 3ኛ ቅጽ ከሁሉም ቀድሞ በ1989 ታተመ። የጥራጥሬውን ቤተሰብ የጻፈው ስዊድናዊው ማትስ ቱሊን ነው። እዚያ ውስጥ የአንድ ተክል ቅጠል፣ አበባ፣ ፍሬ በዝርዝር ይገለጻል፤ በየትኛው ከፍታና በየትኛው ክፍለ አገር እንደሚበቅልም ተጽፏል። ክፍለ አገሮቹ በሁለት ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል አጥረዋል። «ጂ ጄ» ብላችሁ ካያችሁ ጎጃም ነው። «ጂ ዲ» ጎንደር። «ደብሊው ጂ» ስታዩ ግን ምዕራብ ጎጃም ነው ብላችሁ እንዳትቸኩሉ፤ ወለጋ ነው። አጽሕሮቱን ሳያጣሩ የጻፉበት ሪፖርት ተክሉን ከአባይ ማዶ ያሻግረዋል። መጽሐፉ መግቢያ ላይ ካርታ አለው፤ አንዴ ማየት በቂ ነው።

አሁን ቁጥሮቹ። የአብዛኞቹ ኮሌጆች መጻሕፍት የሚደረደሩት ሜልቪል ዲዊ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው የአሥርዮሽ አመዳደብ ነው። (እኛ ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር በምንዋጋበት ዓመት እሱ ለመጻሕፍት ቁጥር ሲሰጥ ነበር።) ዕውቀትን ሁሉ ከ000 እስከ 999 ከፋፈለው። ለሳይንስ ተማሪ የሚበቃው ሁለት መቶ ነው፤ 500 የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 600 ደግሞ ሳይንሱ ሥራ ላይ የዋለበት። 510 ሒሳብ፣ 520 ሥነ ፈለክ፣ 530 ፊዚክስ፣ 540 ኬሚስትሪ፣ 550 የመሬት ሳይንስ፣ 570 ባዮሎጂ፣ 580 ዕፅዋት፣ 590 እንስሳት። ከ600ዎቹ ደግሞ 610 ሕክምና፣ 620 ምህንድስና፣ 630 ግብርና። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በቁጥር ፋንታ በፊደል የሚጀምረውን የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ይጠቀማሉ፤ እዚያ ሳይንስ «ኪው» ብሎ ይጀምራል፣ ግብርና «ኤስ» ነው።

ግብጦን በዲዊ መደርደሪያ ላይ እንፈልገው። እንደ ተክል 583 ላይ ነው፣ አበባ ከሚያወጡት ዕፅዋት ጋር። እንደ ሰብል 633.3 ላይ፣ ከጥራጥሬዎቹ ጋር። የሚያመርረው ኬሚካል 547 ላይ ነው፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ። መርዝነቱ 615.9 ላይ፣ ሕክምናው አጠገብ። ዘፍዝፎና ቆልቶ ለምግብ ማዘጋጀቱ 664 ላይ፣ የምግብ ቴክኖሎጂ። ለከብት መኖነቱ ደግሞ 636 ላይ፣ እንስሳት እርባታ። አንድ ግብጦ፣ ስድስት መደርደሪያ! ላይብረሪ ገብቶ አንድ መደርደሪያ ብቻ አይቶ «የለም» ብሎ የሚወጣው ተማሪ የሚያጣው ይህን ነው። አመዳደቡ የተሠራው ለዕውቀት ዘርፍ ነው፤ ጥያቄ ግን ዘርፍ አያውቅም። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ጥያቄያችሁን ወረቀት ላይ በታትኑት። ተክሉ ምንድን ነው? ኬሚካሉስ? ሰውነት ላይ ምን ያደርጋል? በምን ይወገዳል? እያንዳንዱ ንዑስ ጥያቄ የራሱ ቁጥር አለው።

ቁጥር ስትፈልጉ አንድ ጥንቃቄ። 633.18 ከ633.2 በፊት ነው የሚቀመጠው። ብዙ ሰው 18 ከ2 ይበልጣል ብሎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከነጥብ በኋላ ያለው አሥርዮሽ ነው፤ አንድ አሥረኛና ሁለት አሥረኛን ነው የምታወዳድሩት። 633.18 ሩዝ ነው፤ 633.2 የመኖ ሳር። ከቁጥሩ ሥር ያሉት ሦስት ፊደሎች የጸሐፊው ስም መነሻ ናቸው። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ስም ጣጣ ያመጣል። ፈረንጅ በአባት ስም ይደረድራል፤ እኛ በራሳችን ስም እንጠራለን። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ያወጡትና እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አንዱ ካታሎግ ውስጥ «ገቢሳ»፣ ሌላው ውስጥ «ኤጄታ» ሥር ናቸው። በአንዱ ስታጡ በሌላው ሞክሩ። ሁለቱንም ሳይሞክሩ «የለም» ማለት አይቻልም።

መጽሐፉ ተገኘ እንበል። 547 ላይ ወፍራም የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጽሐፍ አወረዳችሁ። ከፊቱ ያለው ማውጫ የምዕራፍ ስም ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፤ እናንተ የምትፈልጉት ከኋላ ያለውን ኢንዴክስ ነው፤ በፊደል ተራ የተደረደረውን። «አልካሎይድ» የሚለውን ፈልጉ፣ ገጹን ግለጡ። አልካሎይዶች ናይትሮጅን ያላቸው፣ አብዛኞቹ መራራ የሆኑ የተክል ውሕዶች ናቸው። ቡና ውስጥ ያለው ካፌይን፣ ትምባሆ ውስጥ ያለው ኒኮቲን፣ የወባ መድኃኒት የሆነው ኪኒን ከእነዚህ ወገን ናቸው። የግብጦዎቹ ሉፓኒን፣ ስፓርቲን እየተባሉ ይጠራሉ፤ ኪኖሊዚዲን አልካሎይድ በሚባል ክፍል ይመደባሉ። ውኃ ውስጥ ይሟሟሉ። ሳይዘፈዘፍ ግብጦ የበላ ሰው የሚታመመውም በእነዚሁ ነው። ወንዙ ከጆንያው ይዞት የሚሄደው እንግዲህ ይህ ነው።

መቁላቱስ? ሕያው የሆነ ፍሬ ሴሉ ውስጥ ያለውን ነገር በሽፋኑ አጥሮ ይይዛል። እሳት ሲነካው ፍሬው ይሞታል፣ አይበቅልም፤ የሴሉ ሽፋን ይላላል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ እንደልቡ ገብቶ አልካሎይዱን አሟሙቶ ይወጣል። ውኃው ወራጅ መሆኑም ምክንያት አለው። የቆመ ውኃ ውስጥ አልካሎይዱ ከፍሬውም ከውኃውም ዘንድ እኩል ሲሆን መውጣቱን ያቆማል፤ ወራጅ ውኃ ግን ሁልጊዜ አዲስ ነው። ይህ 571 ወይም 572 አካባቢ ባዮሎጂ መጽሐፍ ውስጥ «ዲፊዩዥን» በሚል የምታነቡት ነው። ለማንም አዲስ ያልሆነ የመንደር ሥራ ኬሚስትሪውንም ባዮሎጂውንም አንድ ላይ ያስተምራል። ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች ያሉ ገበሬዎች ታርዊ የሚሉትን የግብጦ ዘመድ ቀቅለው ወንዝ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ግብፃውያን ተርሙስ እያሉ ይህንኑ የእኛን ዓይነት አለስልሰው ይቆረጥሙታል።

መጽሐፍ እዚህ ድረስ ያመጣችኋል። ከዚህ ወዲያ «የእኛ አገር ግብጦስ?» ስትሉ መጽሐፍ ዝም ይላል፤ ጆርናል ነው የሚናገረው። የውጭ የመማሪያ መጽሐፍ ሜጫን አያውቅም። ጆርናል ማለት ተመራማሪዎች በየጊዜው የሠሩትን አጠር አድርገው የሚያወጡበት መጽሔት ነው። አገራችን ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲኔት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ቡለቲን አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ጆርናልን ያሳትማል። የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትም የግብርና ሳይንስ ጆርናል አለው። እነዚህን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ ጆርናሎች «አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን» በሚባል አንድ ድረ ገጽ ተሰብስበዋል። በአጭሩ «አጆል» ይሉታል።

ግብጦን ራሱን የሚመለከት አንድ ጥናት ልጠቁማችሁ። ሊቃውንት ይሄይስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2010 «ላይቭስቶክ ሪሰርች ፎር ሩራል ዴቨሎፕመንት» በተባለ ጆርናል ላይ አውጥተውታል። ርዕሱ ውስጥ ግብጦን ብዙ ጥቅም እያለው የተዘነጋ ሰብል ይሉታል። በአገራችን ገበሬው እንዴት እንደሚያመርተውና እንደሚጠቀምበት የዳሰሰ ነው። ጆርናሉ በነፃ የሚነበብ ነው፤ ክፍያ አይጠይቅም። ስትፈልጉት ታዲያ የጸሐፊውን ስም በሁለቱም አቅጣጫ ጻፉ፤ ያልኳችሁ የስም ጣጣ እዚህም አለ።

ጥናት ስታገኙ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ አትታገሉ። መጀመሪያ አብስትራክቱን፣ ማለት አናቱ ላይ ያለችውን አጭር ጭማቂ አንብቡ። ለጥያቄያችሁ የሚሆን ከመሰላችሁ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሂዱ፤ ጸሐፊው የተጠቀመባቸው ጽሑፎች ዝርዝር እዚያ ነው። ያ ዝርዝር ሌላ ሰው ለእናንተ ደክሞ የሠራው ፍለጋ ነው። ከውስጡ ሦስት አራቱን መርጣችሁ ብትከተሉ እነሱም በተራቸው ሌላ ያመጡላችኋል። እኔ ከፍለጋ ዘዴ ሁሉ አንዱን ብቻ አስተምር ብባል ይህንን ነው የምመርጠው።

ስለ ዓመተ ምሕረትም አንድ ነገር ልበል። ይህ የምርምር ጽሑፍ 2010 ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 2002 መሆኑ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ላይ 2010 ብታዩ ግን የእኛው 2010 ነው፣ በፈረንጅ 2017 ወይም 2018። በሁለቱ መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ማስታወሻ ስትይዙ ከዓመቱ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳትጽፉ አትለፉ፤ ከሳምንት በኋላ ራሳችሁም አታስታውሱትም።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ኮምፒውተር ላይ ቡሬን በእንግሊዝኛ ስትፈልጉ አንዱ ጸሐፊ መጨረሻውን በ«ኢ» ብቻ ይጽፈዋል፣ ሌላው «አይ» እና «ኢ» ይጨምርበታል። ጎጃም አንዴ በአንድ «ጄ»፣ አንዴ በሁለት «ጄ» ነው። ፍኖተ ሰላም ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። ኮምፒውተር ደግሞ እንደ ሰው «ይህን ለማለት ፈልጎ ነው» አይልላችሁም፤ ሁሉንም አጻጻፍ እየቀያየራችሁ ሞክሩ።

ኢንተርኔት ሲነሳ ሁለት ነገር። አንደኛው፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የምግብና እርሻ ድርጅቱ ፋኦና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ከአሳታሚዎች ጋር ያቋቋሙት «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የሚባል አገልግሎት አለ። በክፍያ ብቻ የሚነበቡ ሺህ በሺህ ጆርናሎችና መጻሕፍት እንደ ኢትዮጵያ ላሉ አገሮች ተቋማት በነፃ የሚከፈቱበት ነው። የጤናው ክፍል «ሂናሪ» ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረ፤ የግብርናው «አጎራ» በ2003። የሚመዘገበው ግን ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ነው። የይለፍ ቃሉ ያለው ላይብረሪው ዘንድ ስለሆነ ጠይቁ። ኮሌጃችሁ ካልተመዘገበም ጥያቄያችሁ ለመመዝገብ ምክንያት ይሆናል። ሁለተኛው፣ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ማናችንም አንረሳውም። ስለዚህ መስመር ባለ ጊዜ ያገኛችሁትን ፒዲኤፍ «በኋላ እከፍተዋለሁ» አትበሉ፤ ፍላሽ ላይ አስቀምጡት። የፋይሉንም ስም «ዳውንሎድ አንድ» አትተውት፤ የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱንና «ሉፒን» የሚለውን ቃል ጻፉበት። እንዲህ የተሰበሰበ አንድ ፍላሽ በዶርም ውስጥ ሲዘዋወር ትንሽ ላይብረሪ ይሆናል።

ከመጽሐፍና ከጆርናል ሌላ ሦስተኛ መደርደሪያ አለ። አቧራ የሚበዛበት እሱ ነው፦ የመመረቂያ ጽሑፎች። የዲግሪው ሲኒየር ኤሴይ፣ የማስተርሱ ቲሲስ። እኔ ለአካባቢ ጥያቄ ከሁሉ አስበልጬ የማየው ይህን ነው። ለምሳሌ የመራዊ ልጅ ስለ ቆጋ መስኖ ማወቅ ቢፈልግ፣ ወደ 7 ሺህ ሄክታር የሚያለማውን ግድብ የውጭ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አያገኘውም። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን ስለ ውኃ አጠቃቀሙ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ሰብሉ ደጋግመው ጽፈዋል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የተመራቂዎቻቸውን ሥራ በዲጂታል ማከማቻ ስለሚያስቀምጡ ከርቀትም ይነበባል። መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ እኩል አይደለም፤ እርስ በርስ የተገለበጠም አለ። ግን ጥሩው ቲሲስ የቀበሌውን ስም፣ አፈሩ የተወሰደበትን ጥልቀት፣ ገበሬው የተጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ይዟል። ደካማውም ቢሆን የጽሑፍ ዝርዝሩ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ከተሰበሰበ በኋላ መመዘን ይመጣል። ግብጦ ለደም ግፊት መድኃኒት ነው ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ አረቄውንም በዚህ የሚያመሰግኑ አሉ። ቴሌግራም ላይ ይህን ብታነቡ ምን ታደርጋላችሁ? ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ለዩ። «ሰዎች ግብጦን ለደም ግፊት ይጠቀሙበታል» የሚለውን የዳሰሳ ጥናት ያረጋግጠዋል፤ ሰው ጠይቆ የተሰጠውን መልስ መዘገበ። «ግብጦ የደም ግፊት ይቀንሳል» የሚለውን ግን በመጠይቅ ማረጋገጥ አይቻልም። የበሉና ያልበሉ ሰዎች ተለይተው፣ ሙከራው ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ግፊታቸው ተለክቶ፣ ልዩነቱ መታየት አለበት። የመጀመሪያውን ጠቅሶ ሁለተኛውን ያረጋገጠ የሚመስል አሳይመንት ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። በነገራችን ላይ፣ ሐኪም ያዘዘላችሁን ክኒን በግብጦ አትተኩ።

የአገር ዕውቀትን ንቆ ማለፍም ሌላው ስህተት ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያን ተሕዋስ የሚያስተላልፉት እነዚሁ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ወንዝ ዳር የታየው ነገር ቤተ ሙከራ ገባ፣ ተለካ፣ ታተመ፤ ዛሬ ማንም ተማሪ በእንዶድ ሳይንሳዊ ስም ገብቶ ሊያነበው ይችላል። ከወንዙ እስከ መደርደሪያው ያለው መንገድ ይህ ነው።

ግብጦም በዚህ መንገድ አልፏል። ጀርመናዊው ራይንሆልድ ፎን ዘንግቡሽ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ፈጣን የኬሚካል መመርመሪያ አበጅቶ እጅግ ብዙ ተክሎችን አንድ በአንድ ፈተሸ። አልካሎይዳቸው በጣም ያነሰ ጥቂቶችን አገኘ፤ ጣፋጭ ሉፒን የሚባለው ዘር ከዚያ ተነሳ። እናንተም በኮሌጃችሁ ቤተ ሙከራ የዚህን ታናሽ ወንድም መሞከር ትችላላችሁ። አዮዲን በፖታሲየም አዮዳይድ ውስጥ የተሟሟበት ፈሳሽ፣ የዋግነር ሪኤጀንት ይባላል፣ አልካሎይድ ሲያገኝ ቡናማ ዝቃጭ ይጥላል። ከመምህራችሁ ጋር ሆናችሁ የተቆላ ግብጦ ዘፍዝፉ፤ ውኃውን በየቀኑ ለውጡ፤ ከየቀኑ ውኃ ጥቂት ወስዳችሁ ጠብታ ጨምሩበት። ዝቃጩ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚሆን መዝግቡ። ምሬቱን ግን በምላስ አትፈትኑ። የአሠራሩ ዝርዝር 543 ላይ፣ ትንተናዊ ኬሚስትሪ ውስጥ አለ።

ኮሌጃችሁ የሌለው መጽሐፍ ቢሆንስ? ከመራዊ ባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የቡሬ ሰው ደግሞ እዚያው ቡሬ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ አለለት። ዝም ብላችሁ ብትሄዱ ጥበቃው በር ላይ ይመልሳችኋል። ከትምህርት ክፍላችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው ላይ ስማችሁና ኮሌጃችሁ፣ የምትፈልጉት ርዕስ፣ ለስንት ቀን መግባት እንደምትፈልጉ ይኑር፤ ማኅተሙ ይታይ። የተማሪ መታወቂያችሁንም ያዙ። «ለንባብ እንዲተባበሩን» ብቻ ከሚል ደብዳቤ «ስለ ሉፒን አልካሎይድ የግብርናና የኬሚስትሪ መጻሕፍት እንዲያነቡ» የሚል ቶሎ ይሠራል፤ ተቀባዩ ወደ ማን እንደሚመራችሁ ያውቃል።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆነ፣ ወደ የትኛው ካምፓስ እንደምትሄዱም አስቀድማችሁ ወስኑ። የሳይንስ መጽሐፍ ከሆነ ፔዳ ነው። የምህንድስናው ፖሊ ነው። ግብርናው ያለው ግን ዘንዘልማ ነው፤ ከአባይ ድልድይ ማዶ፣ በጎንደሩ መንገድ። ለግብጦ 547ን ፔዳ፣ 633ን ዘንዘልማ ልታነቡ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ለማዳረስ ከመራዊ በጠዋቱ መኪና ተነሱ፣ ዘንዘልማን አስቀድሙ፣ ከምሳ በፊትም ፎቶ ኮፒያችሁን ጨርሱ። አርብ ከሰዓት ባትሄዱ ይሻላል።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ አፈር አሲዳማነት እንነጋገራለን፤ እስከዚያው ሪፈረንስ ክፍል ገብታችሁ 631.4ን ፈልጉና ያገኛችሁትን ርዕስ ጻፉልን። 

(ሙዚቃ)